ሳይነካ ያነሰው አንድ ሺህ ፓውንድ

በብሪታንያ የገቢ ግብር ሕግ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ ማንም ያልነካት ቁጥር አለች፤ 1,000 ፓውንድ። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ነገሩ የእነሱ ስለሆነ።) በመደበኛው የግብር እርከን ውስጥ ያለ ሰው ከባንክ ቁጠባው በዓመት እስከዚህች ቁጥር የሚደርስ ወለድ ቢያገኝ ግብር አይከፍልበትም። ከፍ ባለው እርከን ያለው 500 ፓውንድ ይፈቀድለታል፤ ከሁሉም በላይ ላለው ምንም የለም። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ከጆርጅ ኦስቦርን እስከ ሬቸል ሪቭስ ስምንት የገንዘብ ሚኒስትሮች ተፈራርቀዋል። አንዳቸውም ቁጥሯን አልጨመሯትም፤ አንዳቸውም አልቀነሷትም።

ከጎኗ ሌላ ቁጥር ነበረች። ከአክሲዮን የሚገኝ የትርፍ ድርሻ በዚያው ዓመት 5,000 ፓውንድ ነፃ ወሰን ተሰጥቶት ነበር። ይቺኛዋ ዕረፍት አላገኘችም። በ2018 ወደ 2,000፣ በ2023 ወደ 1,000፣ በ2024 ወደ 500 ወረደች። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ አሥረኛዋ ቀረ።

አንዷ በየጊዜው ስትቆረጥ ሌላዋ ሳትነካ የቆየች ይመስላል። ኪስ ውስጥ ገብተን ስናየው ግን ሁለቱ የደረሱበት ቦታ አንድ ነው። የትርፍ ድርሻው ወሰን የተቆረጠው በምክር ቤት ፊት ነው፤ ሚኒስትሩ ተናግሮበታል፣ ተቃዋሚው ተከራክሮበታል፣ ጋዜጣው ጽፎበታል። የወለዱ ወሰን የተሸረሸረው ያለ አንድ ቃል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ የሚነካው ሰው በአብዛኛው ግብር አማካሪ የሌለው፣ ገንዘቡን ባንክ ከማስቀመጥ በቀር ሌላ መንገድ የማያውቅ ሰው ነውና።

ወደ መነሻው ልመለስ። የእንግሊዝ የግብር ዓመት የሚጀምረው ኤፕሪል 6 ቀን ነው። በእኛ መጋቢት 28፣ የጽንሰት በዓል ዋዜማ መሆኑ ነው። ይህ ግጥምጥሞሽ አይደለም። የድሮው የእንግሊዝ ዓመት የሚለወጠው መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ባበሠረበት ቀን፣ በማርች 25 ነበር። በ1752 ከጁልያን አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮስ ሲሻገሩ 11 ቀናት ተዘለሉ፤ ግምጃ ቤቱ ግን የ11 ቀን ገቢ ማጣት አልፈለገምና የሒሳብ ዓመቱ ወደ ኤፕሪል መጀመሪያ ተገፋ። ዛሬም ድረስ እዚያው አለ። ግብር ሰብሳቢ ለቁጥር ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ከዚህ በላይ ማሳያ አላውቅም።

ኤፕሪል 6 ቀን 2016 የተጀመረው ነገር በጊዜው ትልቅ እፎይታ ነበር። ከዚያ በፊት ባንኮች ከእያንዳንዱ 100 ፓውንድ ወለድ 20ውን ቀንሰው ለመንግሥት ያስገቡ ነበር። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ፣ ግብር ጭራሽ የማይመለከተው ጡረተኛም ቢሆን ወለዱ ሳይቀነስ እንዲከፈለው ፎርም መሙላት ነበረበት፤ ፎርሙን ሳያውቅ ከቀረ ደግሞ የተቀነሰበትን ለማስመለስ ሌላ ፎርም። አዲሱ ሕግ ይህን ሁሉ አነሳ። ባንኩ ሳይቀንስ ይክፈል፤ ባለገንዘቡ እስከ 1,000 ፓውንድ ነፃ ይሁን ተባለ። ኦስቦርን በማርች 2015 ሐሳቡን ሲያቀርብ ከግብር ከፋዮች 95 በመቶው በቁጠባቸው ላይ ምንም ግብር እንደማይከፍሉ ተናግሮ ነበር። በጊዜው ስሌት ውሸት አልነበረም።

ነገር ግን ስሌቱ የቆመው በአንድ ያልተለመደ ዘመን ላይ ነው። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ከማርች 2009 ጀምሮ መሠረታዊ የወለድ ምጣኔውን 0.5 በመቶ ላይ አስቀምጦት ነበር። ኦገስት 2016 ላይ፣ ነፃ ወሰኑ በተጀመረ በአራተኛው ወር፣ ወደ 0.25 በመቶ አወረደው። ግማሽ በመቶ በሚከፍል ሒሳብ 1,000 ፓውንድ ወለድ ለማግኘት 200 ሺህ ፓውንድ ማስቀመጥ ያስፈልግ ነበር። ይህን ያህል ጥሬ ገንዘብ ባንክ ያለው ተራ ሠራተኛ ማን ነው? መንግሥት የሰጠው ወሰን ሰፊ የመሰለው ወለዱ ጠባብ ስለነበረ ነው። ለማንም የማይደርስ ነገር ላይ ግብር ማንሳት ለግምጃ ቤቱ ብዙም የሚከብድ አልነበረም።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ ምጣኔው በተከታታይ ወጥቶ ኦገስት 2023 ላይ 5.25 በመቶ ደረሰ። 5 በመቶ በሚከፍል ሒሳብ 1,000 ፓውንድ ወለድ የሚያስገኘው 20 ሺህ ፓውንድ ነው። 200 ሺህ የነበረው ጣሪያ 20 ሺህ ሆነ ማለት ነው። ከፍ ባለው እርከን ላለው ሰው ደግሞ 10 ሺህ። የትርፍ ድርሻው ወሰን በአዋጅ አንድ አሥረኛ ሲሆን፣ የወለዱ ወሰን ያለ አዋጅ በራሱ አንድ አሥረኛ ሆነ። ምጣኔው ከዚያ ወዲህ በመጠኑ ቢወርድም ወደ ድሮው ቦታ አልተመለሰም፤ በ4 በመቶ ሲሰላ እንኳ ጣሪያው 25 ሺህ ነው። ለቤት መግዣ የሚያጠራቅሙ ባልና ሚስት፣ ከሥራ ሲሰናበት ካሳ የተከፈለው ሰው፣ ከእናቱ ቤት ሽያጭ ድርሻ የደረሰው ሰው ሁሉ በቀላሉ የሚያልፈው መጠን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መታየት አለበት። ወለዱ ለምን ወጣ? የዋጋ ግሽበቱ ስለወጣ ነው። በኦክቶበር 2022 የብሪታንያ ዓመታዊ የዋጋ ንረት 11.1 በመቶ ደርሶ ነበር። በኦገስት 2023 ወደ 6.7 በመቶ ወርዷል። በዚያ ወቅት 40 ሺህ ፓውንድ በ5 በመቶ ያስቀመጠን ሰው እንውሰድ። በዓመት 2,000 ፓውንድ ወለድ አገኘ። ገንዘቡ የመግዛት አቅሙን ሳያጣ እንዲቆይ ግን 2,680 ፓውንድ መጨመር ነበረበት። በእውነተኛ ዋጋ ሲታይ 680 ፓውንድ ከስሯል። ግብሩ ይህን አያይም። 2,000 ውስጥ 1,000ው ነፃ ነው፣ በቀሪው ላይ 20 በመቶ፣ 200 ፓውንድ ክፈል ይለዋል። በ40 በመቶው እርከን ካለ 600 ፓውንድ። ሰውዬው የተጠየቀው ገቢ ባልሆነ ነገር ላይ የገቢ ግብር ነው። ወለድ ሲባል የምናየው ቁጥር ከፊሉ ለኪሳራ የተከፈለ ማካካሻ መሆኑን ያልተገነዘበ ሕግ፣ ግሽበት በመጣ ቁጥር ቆጣቢውን ሁለት ጊዜ ይነካዋል።

ከወሰኑ ጋር ሌላም ጣጣ አለ፤ ጠርዙ ስለታም ነው። የከፍተኛው እርከን መነሻ ከ2021 ጀምሮ 50,270 ፓውንድ ላይ እንዲቆም ተደርጓል፤ በኖቬምበር 2025 በቀረበው በጀት መሠረት እስከ 2031 እዚያው ይቆያል። ደመወዝ ግን ከዋጋ ጋር ቀስ እያለ ይወጣል። አንዲት ነርስ ደመወዟ 49,270 ፓውንድ፣ ወለዷ 1,000 ፓውንድ ነው እንበል። ድምሩ በትክክል 50,270 ነው፤ በወለዱ ላይ ምንም አትከፍልም። በሚቀጥለው ዓመት ደመወዟ በአንዲት ፓውንድ ቢጨምር ከጠርዙ አለፈች። ነፃ ወሰኗ በአንድ ጊዜ ከ1,000 ወደ 500 ይወርዳል፤ ቀሪው 500 ፓውንድ ወለድ ግብር ይጣልበታል። የአንዲት ፓውንድ ጭማሪ ብቻዋን በወለዱ በኩል ወደ 100 ፓውንድ የሚጠጋ ግብር ታመጣለች።

የሚገርመው፣ ነርሷ ይህን ላታውቀው ትችላለች። ባንኮች በዓመቱ መጨረሻ የከፈሉትን ወለድ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያሳውቃሉ። መሥሪያ ቤቱም በዚያ ተነሥቶ የሰውየውን የግብር ኮድ ያስተካክላል፤ የዘንድሮውን ወለድ ባለፈው ዓመት ልክ ይገምትና ከየወሩ ደመወዝ ያስቀንሳል። ለብቻው የሚመጣ ሒሳብ የለም። በደመወዝ ወረቀት ላይ ያሉ ፊደልና ቁጥሮች ይቀየራሉ፣ ወደ ቤት የሚገባው ገንዘብ በጥቂት ፓውንድ ያንሳል። ምክንያቱን የሚያብራራው ደብዳቤ ቢመጣም የሚያነበውና የሚረዳው ጥቂት ነው። ገንዘቡን ከባንክ አውጥቶ ቤት የገዛበት ሰው ሳይቀር፣ ግምቱ ካልታረመ፣ በሌለ ወለድ ላይ ለጊዜው ሲቀነስበት ይከርማል። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ የኮድ ለውጥ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ የወለድ ግምቱን ሳታዩ አትለፉት።

በጊዜ ገደብ የታሰረ ቁጠባ ላይ ያለው ወጥመድ ደግሞ ይበልጥ የተደበቀ ነው። 20 ሺህ ፓውንድ ለሦስት ዓመት በ5 በመቶ አስቀመጥን እንበል፤ ሌላ ወለድ የለንም። ወለዱ በየዓመቱ ሒሳቡ ላይ የሚገባና ልናወጣው የምንችለው ከሆነ 1,000፣ ከዚያ 1,050፣ ከዚያ 1,102.50 ፓውንድ ይሆናል፤ ከነፃ ወሰኑ የሚያልፈው በድምሩ 152.50 ብቻ ነው፣ ግብሩ በ20 በመቶ 30.50 ፓውንድ። ሒሳቡ ወለዱን በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ብቻ የሚለቅ ከሆነ ግን 3,152.50 ፓውንድ በአንድ ዓመት ይቆጠራል፤ የሁለቱ ዓመት ወሰን ባክኗል፣ ግብሩ 430.50 ፓውንድ ይሆናል። ገንዘቡ አንድ፣ ወለዱ አንድ፣ ባንኩም አንድ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ 400 ፓውንድ ነው።

ከሁለቱ ወሰኖች ሌላ ብዙ ሰው ስሟን እንኳ ያልሰማት ሦስተኛ አለች። ከ2015 ጀምሮ ከደመወዝና ከጡረታ የሚገኝ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው እስከ 5,000 ፓውንድ ወለድ በዜሮ ግብር ይታለፍለታል። አሠራሯ እንዲህ ነው፦ ከማንኛውም ገቢ ላይ 12,570 ፓውንድ ነፃ ነው፤ ደመወዙ ወይም ጡረታው ከዚህ ባለፈ በእያንዳንዷ ፓውንድ ልክ ከ5,000ው አንዲት ፓውንድ ይቀነሳል። ገቢው 17,570 ሲደርስ ወሰኗ ታልቃለች። በ2026/27 ሙሉው አዲሱ የመንግሥት ጡረታ በዓመት 12,547.60 ፓውንድ ነው። ስለዚህ ሌላ ጡረታ የሌለው አዛውንት 5,000ውን ሙሉ በሙሉ፣ በዚያም ላይ 1,000ውን ያገኛል፤ በድምሩ እስከ 18,570 ፓውንድ የሚደርስ ገቢ ያለ ግብር። ለአረጋውያን በእርግጥ ጥሩ ነገር ነው።

ለሠራተኛው ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በ2015 መጨረሻ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 6.70 ፓውንድ ነበር። በሳምንት 37.5 ሰዓት የሚሠራ ሰው በዓመት ወደ 13,065 ፓውንድ ያገኝ ነበር፤ በጊዜው ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ 10,600 ስለነበር ከ5,000ው ወሰን ግማሽ ያህሉ ለእሱ ይተርፍ ነበር። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ዝቅተኛው ክፍያ 12.71 ፓውንድ ነው፤ ያው ሰው በያው ሰዓት 24,784 ፓውንድ ያገኛል። የወሰኑ ማለቂያ 17,570 ነው። ሰውዬው ዛሬም የመጨረሻውን ዝቅተኛ ደመወዝ ነው የሚያገኘው፤ ሕጉ ግን ዝቅተኛ ገቢ ያለው አድርጎ አያየውም። 5,000 የምትለው ቁጥር እንዳለች ናት። ከሥሯ የወጣው ሠራተኛው ነው።

የትርፍ ድርሻው ጉዳይ የበለጠ ግልጽ ስለሆነ ረዘም አላደርገውም። በ2016 ወሰኑ ሲሰጥ ከበላዩ ያለው ገቢ በመደበኛው እርከን 7.5 በመቶ ይከፈልበት ነበር። በ2022 ወደ 8.75 ወጣ። ጭማሪው ሲመጣ ለጤናና ለማኅበራዊ እንክብካቤ ተብሎ ከደመወዝ ሊቀነስ ከነበረ አዲስ መዋጮ ጋር አብሮ የታሰበ ነበር፤ መዋጮው በዚያው ዓመት ተሰረዘ፣ የትርፍ ድርሻው ጭማሪ ግን ቀረ። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ደግሞ 10.75 በመቶ ሆኗል። በራሷ አነስተኛ ኩባንያ ምግብ ቤት የምታስተዳድርን ሴት እናስብ። ለራሷ እስከ ነፃው ገቢ ድረስ ደመወዝ ትከፍላለች፤ ኩባንያው የራሱን የትርፍ ግብር ከፍሎ ከሚተርፈው 30 ሺህ ፓውንድ የትርፍ ድርሻ ትወስዳለች። በ2016 በዚህ ላይ የምትከፍለው 1,875 ፓውንድ ነበር። በ2024 ሒሳቡ 2,581.25 ሆነ። በ2026/27 3,171.25 ነው። እሷ ያንኑ እንጀራ ትጋግራለች፣ ያንኑ ወጥ ትሠራለች።

ይህን ያደረጉት ሚኒስትሮች ምክንያት የላቸውም አልልም። ፊሊፕ ሃሞንድ በ2017 ወሰኑን ሲቆርጥ፣ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ተቀጣሪ ሌላው የራሱ ኩባንያ ባለቤት ስለሆነ ብቻ የተለያየ ግብር መክፈል የለባቸውም አለ። ሪቭስም ከሀብት የሚገኝ ገቢ ከደመወዝ ባነሰ ግብር ሊታለፍ አይገባም ብላለች። እውነት አለው። ተቀጣሪው ከገቢ ግብሩ ሌላ 8 በመቶ ለብሔራዊ መድን ይከፍላል፤ ከአክሲዮንና ከወለድ የሚኖረው ይህን አይከፍልም። ሚሊዮን ፓውንድ ያለው ሰው የሚያገኘው ገቢ የጽዳት ሠራተኛዋ ከምታገኘው ያነሰ ሸክም እንዲሸከም የምከራከርበት ምክንያት የለኝም። ክርክሬ ሌላ ነው። ሚሊዮን ያለው ሰው 1,000 ፓውንድ ነፃ ወሰን ኖረው አልኖረው ምንም አይሰማውም፤ ለባለ ከፍተኛው እርከን ደግሞ ወሰኑ ከመጀመሪያው ዜሮ ነው። የወሰኑ መሸርሸር የሚያገኘው ታች ያለውን ቆጣቢ ነው። ፍትሕን ከላይ እንፈልጋለን እየተባለ ገንዘቡ የሚለቀመው ከታች ነው።

የእኛ ሰው በዚህ ውስጥ የት አለ? በለንደን የሚኖር ሐበሻ ብዙ ገንዘቡን በዕቁብ ያዞራል። ዕቁብ ወለድ ስለሌለው የወለድ ግብርም የለበትም፤ ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሲጠቀም መጨረሻ የደረሰው ግሽበቱን ይሸከማል እንጂ መንግሥት አይገባበትም። ባንክ የሚያስቀምጠው ግን ልብ ሊላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የባልና የሚስት የጋራ ሒሳብ ወለድ እኩል ለሁለት ተከፍሎ ይቆጠራል፤ አንዱ ከፍ ባለ እርከን ሌላው ዝቅ ባለ ከሆነ ቁጠባው በማን ስም ይሁን የሚለው ጥያቄ የገንዘብ ልዩነት አለው። ለልጅ በስሙ የተከፈተ ሒሳብ ወላጅ ባስገባው ገንዘብ በዓመት ከ100 ፓውንድ በላይ ወለድ ካስገኘ ወለዱ ሁሉ የወላጁ ሆኖ ይቆጠራል። በእምነታቸው ምክንያት ከወለድ የሚርቁ ሙስሊም ወገኖቻችን የሚጠቀሙበት ከወለድ ነፃ ቁጠባም፣ የሚከፍለው ትርፍ ወለድ ባይባልም፣ በግብር በኩል እንደ ወለድ ነው የሚታየው። አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ያለ ቁጠባም ከዓይን የተሰወረ አይደለም። የብሪታንያ ነዋሪ በመላው ዓለም ባገኘው ገቢ ላይ ግብር ይጠየቃል፤ አዲስ ለመጡ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ከሚሰጠው እፎይታ በቀር የብሩ ወለድም ወደ ፓውንድ ተቀይሮ ከ1,000ው ውስጥ ይቆጠራል።

የአገራችን ሕግ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ መንገድ ነው የመረጠው። በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በባንክ ቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ፣ በትርፍ ድርሻ ላይ 10 በመቶ ጣለ። ነፃ ወሰን የሚባል ነገር አልሰጠም፤ ከመጀመሪያዋ ሳንቲም ይቀነሳል፣ የሚቀንሰው ባንኩ ራሱ ነው፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቅም። ቀላልነቱ ትልቅ ዋጋ አለው። ፎርም የለም፣ ኮድ የለም፣ ጠርዝ የለም። ዋናው ሕመም ግን እዚህም ያው ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድ መነሻን 7 በመቶ አደረገው። 100 ሺህ ብር ያስቀመጠ ሰው 7,000 ብር ያገኝ ነበር፣ 350ው ይቀነስበት ነበር። ዓመታዊ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ በሆነባቸው ዓመታት ይህ ሰው ከገንዘቡ አንድ አምስተኛ ያህል አቅም እያጣ ነበር፤ ግብሩ ግን «አተረፍክ» ብሎ ድርሻውን ወሰደ። ምጣኔው ትንሽ ስለሆነ አይታይም እንጂ ግብሩ ያረፈው በኪሳራ ላይ ነው።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል ያደረጉት አሉ። ኖርዌይ ከ2006 ጀምሮ በአክሲዮን ገቢ ላይ የምትጥለው ግብር፣ ገንዘቡ ያለ ምንም ሥጋት ቢቀመጥ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ወለድ ያህል አስቀድሞ ነፃ ያደርጋል። የነፃው መጠን በየዓመቱ ከወለድ ምጣኔው ጋር አብሮ ይሰላል። ወለድ ሲወጣ ነፃው ይሰፋል፣ ሲወርድ ይጠባል። በራሷ በብሪታንያም የኖቤል ተሸላሚው ጄምስ ሚርሊስ የመሩትና በ2011 የታተመው ትልቅ የግብር ጥናት ለአክሲዮን ገቢ ተመሳሳይ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ተራውን የባንክ ቁጠባ ወለድ ደግሞ ጭራሽ ከግብር ማስወጣት ይሻላል ብሎ ነበር። ሰሚ አላገኘም።

በቁጥር ብቻ የተጻፈ ወሰን ምን እንደሚገጥመው ለማየት ጀርመንን መመልከት ይበቃል። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1991 በሰጠው ውሳኔ ግፊት የቆጣቢዎች ነፃ ወሰን በ1993 ከ600 ወደ 6,000 ማርክ ዘለለ። ከዚያ በ2000 በግማሽ ተቆረጠ፣ ደጋግሞ ተቆረጠ፣ በ2009 ላይ 801 ዩሮ ሆነ፤ ከ2023 ጀምሮ 1,000 ዩሮ ነው። አሜሪካ ደግሞ ለአንድ ሰው የ100 ዶላር የትርፍ ድርሻ ነፃ ወሰን ነበራት፤ በ1986ቱ የግብር ማሻሻያ ጠቅልላ ሰረዘችው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ዛሬ በባንክ ወለዳቸው ላይ ምንም የተለየ ወሰን የላቸውም። ወሰን ከአንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ጋር ካልታሰረ ወይ ይቆረጣል ወይ ይሟሟል።

አሁን የሚመጣው ምዕራፍ ጫናውን ያከብደዋል። በኖቬምበር 2025ቱ በጀት መሠረት ከኤፕሪል 2027 ጀምሮ በቁጠባ ወለድ ላይ የሚከፈለው ግብር በየእርከኑ በሁለት ነጥብ ይጨምራል፤ 22፣ 42 እና 47 በመቶ ይሆናል። በዚያው ቀን ሌላው መሸሸጊያ ይጠባል። አይሳ የሚባለው፣ በ1999 የተጀመረው ከግብር ነፃ ሒሳብ፣ ከ2017 ጀምሮ በዓመት 20 ሺህ ፓውንድ ይቀበላል፤ ወለዱም የትርፍ ድርሻውም ከ1,000ውና ከ500ው ውጭ ነው። ከኤፕሪል 2027 በኋላ ዕድሜው ከ65 በታች የሆነ ሰው ከዚህ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ ማስቀመጥ የሚችለው 12 ሺህ ብቻ ይሆናል። ቀሪው 8 ሺህ ለአክሲዮንና ለመሰል ኢንቨስትመንት ነው። መንግሥት ሕዝቡ ከባንክ ሒሳብ ወደ አክሲዮን እንዲሻገር ይፈልጋል።

ሐሳቡን እረዳለሁ፤ በረዥም ጊዜ አክሲዮን ከባንክ ወለድ የተሻለ መክፈሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን ጥሬ ገንዘብ የሚያስቀምጥ ሰው ሁሉ ሰነፍ ወይም ፈሪ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት የቤት ቅድሚያ ክፍያ የሚከፍል፣ አገር ቤት ለታመመ ወላጅ በማንኛውም ሰዓት መላክ ያለበት፣ ሥራው ያልተረጋገጠ ሰው ገንዘቡን ሲወጣና ሲወርድ በሚውል ገበያ ላይ ማኖር አይችልም። ለዚህ ሰው አይሳው ተቀነሰ፣ የወለድ ግብሩ ተጨመረ፣ ነፃ ወሰኑ ግን በ2016ቱ ቁጥር ቆመ።

ብሪታንያ ቁጥርን ከዋጋ ጋር እንዴት እንደሚያስሩ የማታውቅ አገር አይደለችም። በ1977 ጄፍ ሩከርና ኦድሪ ዋይዝ የተባሉ ሁለት የሌበር ፓርቲ የምክር ቤት አባላት የራሳቸውን መንግሥት ተቃውመው አንድ ማሻሻያ አስገቡ፤ ከግብር ነፃ የሆነው የግል ገቢ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር እንዲያድግ፣ መንግሥት ይህን ማስቀረት ከፈለገ በምክር ቤት በግልጽ እንዲጠይቅ። በቅርብ ዓመታት ወሰኑ እንዲቆም ሲደረግም ሚኒስትሮቹ ቆመው መናገር የነበረባቸው በዚህ ምክንያት ነው። የቁጠባው 1,000 ፓውንድ በ2016 ሲጻፍ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከሥሩ አልተጻፈለትም። ስለዚህ በሚቀጥለው ኤፕሪል 6 ቁጥሯ እንደገና ባለችበት ስትቀር በምክር ቤቱ ማንም እንዲያብራራ አይጠየቅም።